የሌለህን ነገር እንዴት ታሳያለህ?

ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 ረፋዱ ላይ ነው። (ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቨርጂኒያ ውስጥ በምሠራበት ሆስፒታል፣ በሠራተኞች ማረፊያ ክፍል፣ ሁላችንም ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመናል። የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል ጸጥታው ምክር ቤት ተቀምጦ የኢራቁ መሪ ሳዳም ሁሴን ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ደብቋል እያለ ያስረዳል። ትንሽ ብልቃጥ ከፍ አድርጎ አሳየ። ይህን የምታክል አንትራክስ ምን ልታደርግ እንደምትችል እየነገረን ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከጎኔ የቆሙት ሰው ኢራቃዊ ናቸው። «ዶክተር» ነው የምንላቸው። ባግዳድ ውስጥ የራሳቸው ፋርማሲ ነበራቸው፤ በእነሱ አገር ፋርማሲስት ዶክተር ተብሎ ነው የሚጠራው። እዚህ ግን ፈቃዱን ስላላገኙ ከእኔ ጋር መድኃኒት ስቶር ውስጥ ካርቶን ይቆጥሩ ነበር። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ።

እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ካልደበቀ ለምን አያሳይም?» አልኩ።

ዶክተር ዞር ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ የሌለህን ነገር እንዴት ታሳያለህ?» አሉኝ። ከዚያ የጀመሩትን ዳቦ በወረቀቱ መልሰው ጠቅልለው ወጡ። መልስ ለመስጠት አፌን ከፍቼ ነበር። መልስ ግን አልነበረኝም። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀችኝም፤ ስለ ኢራን፣ ስለ ሰሜን ኮሪያ፣ ስለ ማንኛውም ማዕቀብ ዜና በሰማሁ ቁጥር ትመጣብኛለች።

ማዕቀብን የናቅኩበት ምክንያት

እንዲያ ያልኩት በክፋት አልነበረም። ያደግኩት ማዕቀብ ሲባል በሚናቅበት ቤት ነው። አያቴ ስለ ኢጣሊያ ወረራ ሲያወሩ ሁሌም አንድ ነገር ላይ ይቆማሉ፦ «ነዳጁን ከልክለውት ቢሆን!» ይሉና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ይመታሉ።

እውነታቸውን ነበር። የመንግሥታቱ ማኅበር በ1935 መጨረሻ ኢጣሊያ ላይ ማዕቀብ ጣለ። ዋናው ነገር ግን ቀረ፤ ነዳጅ አልተነካም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የሙሶሊኒ መርከቦች ወታደርና የጋዝ ቦምብ ጭነው አለፉበት። ጃንሆይ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቭ ላይ ቆመው ተናገሩ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ማዕቀቡ ተነሳ። እኛ ሳንነሳ ማለት ነው።

ስለዚህ በ2003 ወረቀት ጦር አያስቆምም የሚል እምነት ይዤ ነበር። ሳዳም ሁሴን ጎረቤቱን የወረረ፣ ሐላብጃ ላይ የገዛ ዜጎቹን በጋዝ የፈጀ ሰው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከተባበሩት መንግሥታት የመሣሪያ ተቆጣጣሪዎች ጋር ድብብቆሽ ሲጫወት ኖሯል። እንዲህ ያለውን ሰው በማዕቀብና በፍተሻ መያዝ የዋህነት መሰለኝ። ዶክተርም በማረፊያ ክፍሉ ከእኔ ጋር ማውራት አቆሙ። ሰላምታ ይሰጡኛል፣ ካርቶን ያቀብሉኛል፣ በቃ። በማርች ጦርነቱ ተጀመረ። እህታቸው ባግዳድ ነበሩ።

የ14 ካርቶን ነገር

ጁላይ ላይ የዓመቱ ቆጠራ መጣ። ኦዲተሯ ወረቀቷን ይዛ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ትሄዳለች፣ እኔ እየጠራሁላት ትጽፋለች። አንድ የአንቲባዮቲክ መርፌ ላይ ስንደርስ ቆመች። ኮምፒውተሩ 14 ካርቶን አለ ይላል። መደርደሪያው ባዶ ነው።

የት እንደሄደ አውቀዋለሁ። ቀኑ አልፎበት ነበር። አንድ ዓርብ ማታ፣ ቦታ ጠቦኝ፣ አዲስ ዕቃ እየገባ፣ ለመወገጃ በተዘጋጀው ትልቅ ሳጥን ውስጥ እኔው ራሴ ከተትኩት። ሕጉ ቅጽ ሙላ፣ ሁለት ሰው ይፈርም ይላል። ሁለተኛ ሰው አልነበረም። ሰኞ እሞላዋለሁ አልኩ። ሰኞ ሌላ ሥራ መጣ። ሳጥኑ ተወሰደ፣ ተቃጠለ።

«ተወግዷል» አልኳት። «ጥሩ፣ ወረቀቱን አሳየኝ» አለች። ወረቀት የለም። «ማን አየህ?» ማንም። «ታዲያ መሸጡን ወይም መሰረቁን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሥራዋ ነው። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር። ምን ልሁን? መሐላ ልግባ? ስቶሩን በሙሉ ፈትሺ አልኳት፣ ፈተሸች። አለመገኘቱ ለእኔ ምስክር ነው ብዬ ነበር፤ ለእሷ ግን መደበቄን እንጂ አለመኖሩን አያሳይም። በፈተሸች ቁጥር ጥርጣሬዋ ሲጨምር አየሁ። ከዓመት በፊት ደግሞ አንድ ትንሽ ጉድለት ሸፋፍኜ ተይዤ ነበር፤ እሱም ፋይሌ ውስጥ አለ። አንዴ የዋሸ ሰው እውነቱን ሲናገር ማን ይሰማዋል?

ያን ቀን ማታ የጓሮው መጫኛ በር ላይ ሆኜ የድሮ ቆሻሻ መላኪያ ሰነዶችን ስገለብጥ ዶክተር መጡ። ወንበር ስበው ተቀመጡ። ግማሹን ክምር ወደ ራሳቸው ጎትተው ማገላበጥ ጀመሩ። ለረጅም ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እነሱም እንዲህ ነው ያደረጉት» አሉኝ። እነማን እንደሆኑ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

በ1991 የሆነው

ያን ክረምት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

የጸጥታው ምክር ቤት ኤፕሪል 1991 ያወጣው 687 ቁጥር ውሳኔ ኢራቅ የኬሚካልና የባዮሎጂ መሣሪያዋን፣ የኒውክሌር ፕሮግራሟን፣ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የሚወነጨፍ ሚሳይሏን አስመዝግባ በተቆጣጣሪዎች ፊት እንድታወድም ያዛል። ሳዳም የተወሰነውን አስመዘገበ። የቀረውን ግን በዚያው ክረምት ራሱ በድብቅ አስወደመው። ምስክር የለም። የተሟላ መዝገብ የለም። አንዳንዱን ፈነዱት፣ አንዳንዱን ቀበሩት፣ አንዳንዱን መሬት ላይ ደፉት። ከተቆጣጣሪ እንዳይገኝባቸው ብለው ያጠፉት ነገር፣ ማጥፋታቸውን የሚያሳይ ማስረጃም አብሮት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥራ ሁለት ዓመት የእኔ 14 ካርቶን ነው፤ አገር የሚያህል ብቻ።

ሰውዬው ንጹሕ ነበር እያልኩ አይደለም። ዋሽቷል፣ ለዓመታት ዋሽቷል። ተቆጣጣሪዎቹ እንዴት እንደያዙት ሳነብ የስቶር ሠራተኛ ስለሆንኩ ይሆናል እጅግ ደነቀኝ። ጀግንነታቸው ሰነድ ማመሳከር ነበር። ኢራቅ ባክቴሪያ የሚራባበትን ምግብ ከውጭ ገዝታለች፤ ወደ 40 ቶን የሚጠጋ። ለሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው አሉ። ላቦራቶሪ ግን ይህን ዕቃ በትንንሽ ማሸጊያ ነው የሚገዛው፤ አንዴ የተከፈተ ቶሎ ይበላሻል። የእነሱ የመጣው 25 ኪሎና ከዚያ በላይ በሚይዝ በርሜል ነው። ማን ሆስፒታል በበርሜል ያዛል? የሻጮቹ ወረቀት ከሆስፒታሎቹ ፍጆታ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ አልታረቅ አለ። በዚህ ተወጥረው ጁላይ 1995 ላይ የባዮሎጂ መሣሪያ ፕሮግራም እንደነበራቸው አመኑ። በቀጣዩ ወር የሳዳም አማች ሁሴን ካሜል ወደ ዮርዳኖስ ሲኮበልል ደግሞ ከአንድ የዶሮ እርባታ ሣጥን ሙሉ ሰነድ ወጣ። የእንስሳት መኖ ማምረቻ ነው ሲሉት የነበረው አል ሐከም በ1996 በፈንጂ ወደመ።

ሁሴን ካሜል ግን ሌላም ነገር ተናግሯል። መሣሪያዎቹ ወድመዋል ብሎ ለተቆጣጣሪዎቹ ነግሯቸዋል። ይህንኛውን ያመነው ጥቂት ሰው ነው።

ስለዚህ ፍተሻው ሠርቷል። ይህን ለማለት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ፣ አሁን ግን ያለ ማመንታት እለዋለሁ። በ1998 ተቆጣጣሪዎቹ ወጥተው፣ በ2002 ኖቬምበር ተመልሰው ሲገቡ፣ በሃንስ ብሊክስ መሪነት በ411 ቦታዎች 731 ፍተሻ አድርገዋል። አል ሳሙድ 2 የሚባለው ሚሳይል በሙከራ ላይ 183 ኪሎ ሜትር መሄዱ ስለተደረሰበት በቡልዶዘር ይጨፈለቅ ጀመር። ብሊክስ ማርች 7 ላይ እየተሰበረ ያለው የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት አይደለም ብለው ተናግረው ነበር። ለቀረው ሥራ ዓመታት ሳይሆን ወራት እንደሚበቁም ጨምረው ነበር።

እኔን ያስለቀሰኝ ግን ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን ኢራቃውያኑ አዚዚያ የሚባል ቦታ መሬት እየቆፈሩ በ1991 ያወደሟቸውን የቦምብ ቁርጥራጮች ያወጡ ነበር። አንትራክሱን የደፋንበት አፈር ይመርመርልን፣ ስንት እንደነበረ ይለካልን ብለው ጠይቀዋል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ቆሻሻ መቆፈር። እኔ መጫኛው በር ላይ ተቀምጬ እንዳደረግኩት። ማርች 18 ላይ ተቆጣጣሪዎቹ አገሩን ለቀው ወጡ።

ማዕቀቡ ማንን ያዘ?

ፍተሻውና ማዕቀቡ በሰው አፍ ሁልጊዜ አንድ ላይ ነው የሚጠሩት። ለእኔ ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ይህንን ያሳዩኝ ዶክተር ናቸው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ከኪሳቸው የተጣጠፈ ወረቀት አወጡ። የራሽን ወረቀታቸው ነው። ቅጂውን ከባግዳድ ይዘውት መጥተዋል። የቤተሰቡ ብዛት፣ የወረዳው አከፋፋይ፣ በየወሩ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ሻይ፣ ዘይት። ኢራቅ ይህን የጀመረችው ማዕቀቡ በተጣለ በሳምንታት ውስጥ፣ ሴፕቴምበር 1990 ላይ ነው። ወረቀቱን ሳይ ልቤ ዘለለ። እኔ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ልጅ ነኝ። ኩፖን ይዤ የሕብረት ሱቅ ተሰልፌአለሁ። ስኳር የሚሰጥህ ሰው ስምህን፣ ቤትህን፣ የልጅህን ዕድሜ ያውቃል። ስብሰባ የቀረህ እንደሆነም ያውቃል። አገሩ ሁሉ በአንድ እጅ ሲበላ፣ ያቺን እጅ ለመንከስ የሚደፍር ማን ነው?

«ከ1990 በፊት እሱን የማይፈልገው ሰው በራሱ ሱቅ፣ በራሱ ደመወዝ ይኖር ነበር» አሉኝ ዶክተር። «በኋላ ሁላችንም በሱ ካርድ ኖርን።» ዲናሩ ድሮ በይፋ ምንዛሪ ሦስት ዶላር ገደማ ነበር። በ1995 መጨረሻ አንድ ዶላር 3,000 ዲናር ገደማ ገባ። የመምህር ደመወዝ ጥቂት ዶላር ሆነ። የተማረው ሰው መጽሐፉን አውጥቶ ባግዳድ የመጽሐፍ ገበያ፣ ሙተነቢ መንገድ ላይ ሸጠ። መድኃኒት በሕጉ ከማዕቀቡ ውጭ ነበር፤ ነገር ግን ነዳጅ የማይሸጥ አገር በምን ይገዛዋል? እናቶች ለልጃቸው የታዘዘውን ሽሮፕ ግማሽ ጠርሙስ ቀንስልኝ ብለው ይጠይቋቸው እንደነበር ነገሩኝ። ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ ሲቀዱ እጃቸው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ በባዶ እጃቸው አሳዩኝ። ሳዳም በዚያው ዘመን ቤተ መንግሥት ይሠራ ነበር፤ አንድ ሁለት አይደለም፣ በደርዘን የሚቆጠር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው።

ነዳጅ ሸጦ ምግብና መድኃኒት የመግዛቱ ፕሮግራም በ1996 መጨረሻ ሲጀመር ነገሩ ቀለል አለ፤ ሰው በልቷል። ግን እዚያም ውስጥ አገዛዙ እጁን ከተተ። በኋላ ፕሮግራሙን የመረመረው የፖል ቮልከር ኮሚቴ እንዳረጋገጠው ከኩባንያዎች 1.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በጉቦና በድብቅ ክፍያ ሰብስቧል። በኮንትሮባንድ ከሸጠው ነዳጅ ያገኘው ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ስለ ሕፃናቱ ሞት ቁጥር ብዙ ተብሏል። ያኔ በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ማድሊን ኦልብራይት በ1996 በቴሌቪዥን ስለ ግማሽ ሚሊዮን ሕፃናት ተጠይቀው የተከፈለው ዋጋ ይገባዋል ማለታቸው ይታወቃል፤ በኋላ ተጸጽተውበታል። ለቁጥሩ ድጋፍ ሆኖ የቀረበው የ1999 ጥናት መረጃ በሳዳም መንግሥት የተነካካ እንደነበር ከዓመታት በኋላ ተደርሶበታል። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ቁጥሩ ስለወረደ የእነዚያ እናቶች ጠርሙስ አልሞላም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሳገኘው ለብዙ ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ማዕቀቡን የጣለው 661 ቁጥር ውሳኔ ኦገስት 6 ቀን 1990 ሲጸድቅ 13 አገሮች ደግፈውታል፣ ኩባና የመን ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከ13ቱ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ያኔ የምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል ነበርን። እኔ አዲስ አበባ የራሽን ስኳር ስጠብቅ፣ የአገሬ እጅ ኒው ዮርክ ላይ ተነስታ ነበር። ኩዌት ተወርራለች፣ የተወረረ አገር ሕዝብ እንደመሆናችን ድምፁ ትክክል ነበር እላለሁ። ዛሬም እላለሁ። ግን ለዶክተር ይህን ለመንገር ድፍረቱን አላገኘሁም።

በር የሌለው ቤት

ታዲያ ማዕቀብና ፍተሻ ጠላት የሆነን አገዛዝ ይይዛል? የኢራቁ ይዟል። ገንዘቡን አጥቶ፣ ዓይን በላዩ ላይ ተተክሎ፣ ሳዳም የድሮ መሣሪያውን መልሶ አልሠራም። ከጦርነቱ በኋላ ከሺህ በላይ ሰው ይዞ አገሩን ያሰሰው የአሜሪካኖቹ ቡድን ያገኘው ይህንኑ ነው፦ ክምችቱ በ1991 ወድሟል።

ጎድሎ የነበረው በር ነው እላለሁ። የ687 ውሳኔ ትጥቅህን ፈትተህ ካረጋገጥክ የነዳጅ ሽያጭ እገዳው ይነሳል ይላል። ዋሽንግተን ግን ከመጀመሪያውም ሰውዬው እያለ አይነሳም ትል ነበር። ኦልብራይት ይህን በ1997 ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቆመው በግልጽ ተናግረዋል፤ ከምሠራበት ቦታ ወንዙን ተሻግሮ ነው። በ1998 ደግሞ አገዛዙን መለወጥ በሕግ ወጣ። ብታሳይም ባታሳይም ያው ከተባልክ ለምን ታሳያለህ? ሳዳም ደግሞ በሌላ ወገን ኢራንን ይፈራል፤ የለኝም ብሎ ጮክ ብሎ መናገር ለእሱ ራቁት መቆም ነበር። ስለዚህ ለአንዱ የለኝም፣ ለሌላው ምናልባት አለኝ ይላል።

የሊቢያውን መሪ ጋዳፊን የማነሳውም ለዚህ ነው። በ2003 ዲሴምበር የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ፕሮግራሙን ለማስረከብ ተስማማ፣ በሩ ተከፈተለት። በ2011 ተይዞ ሲገደል የሆነውን ሁላችንም በስልካችን አየን። ጋዳፊ ጨካኝ ነበር፣ ሕዝቡም ሊነሳበት መብት ነበረው። ነገር ግን ፒዮንግያንግ ላይ ተቀምጦ ያንን ቪዲዮ ያየ ሰው ምን ትምህርት ወስዷል?

የ14ቱ ካርቶን ነገር በስሜ ጉድለት ተብሎ ተጻፈ። ሥራዬን አላጣሁም። ኦዲተሯ መጨረሻ ላይ ያለችኝ ነገር ግን ጠቅሞኛል፦ «በማግስቱ ብትነግረኝ ማስጠንቀቂያ ነበር የምትቀበለው። ያ በር ክፍት ነበር።»

ጃንዋሪ 2004 ላይ፣ ፍለጋውን ሲመራ የነበረው ዴቪድ ኬይ ሴኔት ፊት ቀርቦ ሁላችንም ማለት ይቻላል ተሳስተን ነበር አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በማግስቱ ሁለት ቡና ገዝቼ ስቶር ገባሁ። ዶክተር መሰላል ላይ ነበሩ። እስኪወርዱ ጠበቅኩ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። እርስዎ ልክ ነበሩ» አልኳቸው።

ቡናውን ተቀበሉኝ። ለረጅም ጊዜ ክዳኑን አዩት።

«እኔም እኮ» አሉ፣ «አንዳንድ ሌሊት አለው ብዬ አስብ ነበር።»

በኋላ ሳነብ ጄኔራሎቹም እንዲያ ነበሩ። ሳዳም ጦርነቱ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት የለንም ብሎ ሲነግራቸው ክው ብለዋል። ያን ጠዋት ግን ይህን አላውቅም ነበር። የምለው ጠፍቶኝ ቆምኩ። ዶክተር ቡናቸውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ፣ ቀኑ ያለፈበት አንድ ካርቶን አወረዱ፣ ቅጹን አወጡ። ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ እኔ አቀበሉኝ።